ሳይከራከሩ የገዙ ሰዎች

ባለ ሜትሩ ሳይከራከር ከፍሎ የወጣ ዕለት እማዬ ያሸነፈችው መስሎኝ ነበር።

ባለ ሜትሩ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ከአንገቱ የማይወርደው ሜትር ነው፤ ሚስቱ ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም እያለች ትቀልድበት ነበር። ከሱቃችን ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ማሽንና ከአንድ ወንበር ሌላ የማትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረችው። በየቀኑ ይመጣል። አመጣጡ የሚገዛ ሰው ሳይሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ነው። ዚፑን ያነሣል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያያል፣ ከዚያ እንደማይረባ ነገር ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ዋጋውን ይጠይቃል። እማዬ ትጠራለታለች። እሱ ራሱን ይይዛል። እሷ ዕቃውን ወደ ቦታው ትመልሳለች። እሱ ተቆጥቶ እስከ በሩ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። የቤት ኪራይ እያለበት፣ ልጆች እያሉት፣ እንዲህ ያለ ግፍ እንዴት እንደምትሠራበት ይጠይቃታል። እሷም የሱ ልጆች ከኔ እንደሚወፍሩ ትነግረዋለች። በመጨረሻ ሁለቱም የተበደሉ መስለው ይስማማሉ። እሱ ከወጣ በኋላ እማዬ ወደኔ ዞራ በአንድ ዓይኗ ትጠቅሰኛለች።

በሱቁ ውስጥ ዋጋ የተጻፈበት አንድም ዕቃ አልነበረም። የስፌት ዕቃ ነበር የምንሸጠው፤ ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ዳንቴል፣ የኮት ገበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልፍ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የኮት ቁልፍ፣ የሕፃን ልብስ ቁልፍ፣ ጨርቅ የለበሰ ቁልፍ፣ ከቀንድ የተሠራ ቁልፍ፣ በየብርጭቆው ተሞልቶ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የሁሉም ዋጋ ያለው እማዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ዋጋ አይደለም። የሰውዬውን ጫማ ታያለች፣ አጠያየቁን ትሰማለች፣ ለምን እንደፈለገው በዘወርዋራ ታወጣጣዋለች፣ ከዚያ ነው የምትጠራው። ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆን ቁልፍ የምትገዛና ለልጇ ዩኒፎርም የምትገዛ እናት አንድ ዓይነት ዋጋ አይጠራላቸውም። ለምን እንደማትጽፍ አንድ ጊዜ ጠይቄያት፣ "ከጻፍኩት በኋላ ከሰው ጋር ምን አወራለሁ?" አለችኝ።

አባቴን አላስታውሰውም፤ እኔ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። ያለን ሱቁና ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ጆሮዬ ግን ክርክሩ ላይ ነው። ማን ከማን እንደሚበልጥ እኔ ነበርኩ ዳኛው።

ያን ዕለት ባለ ሜትሩ አንድ እስር ዚፕ አነሣ፤ ደርዘን ሙሉ። ዋጋውን ጠየቀ። እማዬ ሁለት ጣቷን ጆሮ ግንዷ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበችና ጠራችለት። አፉን ከፈተ። አሁን ራሱን ሊይዝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልያዘም። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እስሩን አየ። ከዚያ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አድርጎ ዚፑን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። በሩ ላይ እንኳ ዞር አላለም።

አጨበጨብኩ። "አሸነፍሽው!" አልኳት።

"ዛሬ ደክሞት ይሆናል" አለችና የአንዱን ቁልፍ ማስቀመጫ ብርጭቆ አንሥታ ቅዝቃዜውን ግንባሯ ላይ ለጠፈች። ሙቀት ነው ብዬ በደብተሬ አራገብኩላት።

የጠራችለት የአንዱን ዚፕ ዋጋ ነበር። ለደርዘኑ። ይህን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

በነጋታው ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም ቀን። አይከራከርም፣ ዚፑን አይስብም፣ ገበሩን ወደ ብርሃን አውጥቶ አያይም። የሚፈልገውን ይጠቁማል፣ እማዬ ትጠራለታለች፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሲወጣ ከረሜላ ይሰጠኝ ጀመር። "እናትሽ እኮ ጎበዝ ናት" ይለኛል፣ ፀጉሬን እየደባበሰ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። የሰፈሩ ሰፊዎች ሁሉ፣ ቀጥሎ የሰፊዎቹ እህቶችና ጎረቤቶች፣ ቀጥሎ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ትልልቅ ዘንቢል የያዙ ሴቶች። ሱቁ ሰው አይለየውም። የሚገርመኝ ግን ጸጥታው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ድምፅ የለም። ተራው የደረሰው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፣ ከፍሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እኔ አክብሮት ነው ብዬ ነበር። እማዬ በሙያዋ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ስለደረሰች ሰው ከሷ ጋር መከራከር ያፈረ መስሎኝ ነበር። ማፈሩንስ አፍረው ይሆናል።

መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ፤ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ የነበረው ግድግዳ ቀለሙ ይታይ ጀመር። ዕቃ የሚያልቀው ሲሸጥ አይደል? ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ ሱቃችን ሊሰፋ ነው ብዬ አወራሁ።

እማዬም የበዛባት ሥራው መሰለኝ። ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ከኋላ ክፍል የሚመጣውን የማረር ሽታ ከኔ ቀድሞ ደንበኛ ያሸተዋል። አንዱን እግሯን ጥቁር ጫማ፣ ሌላውን ቡናማ አድርጋ ትወጣለች። እኔን በእህቷ ስም ትጠራኛለች፤ አክስቴ ናፍቃት ነው ብዬ "አቤት" እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። ስትጨርስ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ሱቅ ትከፍታለች።

ካፖርቷ የምንላት ሰፊ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሌላ ልብስ አልሰፋም የምትል፣ ካፖርት ብቻ የምትሰፋ ወፍራም ሴት ነበረች፤ ደረጃችንን ስትወጣ ትንፋሿ ከሷ ቀድሞ ይገባል። ታማ ከርማ ነበርና ብዙ ጊዜ አልመጣችም። ከቀንድ የተሠሩትን ቁልፎች መርጣ ዋጋ ጠየቀች። እማዬ ጠራችላት።

"አልሰማሁሽም" አለች ካፖርቷ።

እማዬ ደግማ ጠራች፤ አሁን ዋጋውን ከመጀመሪያውም ዝቅ አድርጋ። ካፖርቷ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷ ሴትዮ ዘንቢሏን ወደ ጀርባዋ አዞረች።

"ይሄ ዋጋው አይደለም፣ እህቴ።"

"ተወደደብሽ?"

"ረከሰብኝ። ጨምሪ።"

ሳቅኩኝ። ዕቃ ረከሰብኝ ብሎ የሚጣላ ሰው አይቼ አላውቅማ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀላ። በሱቋ ውስጥ ዋጋ የምትጠራው እሷ መሆኗን፣ ካልፈለገች ትታ መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። ካፖርቷ ከቦርሳዋ የድሮውን ዋጋ ሙሉውን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እማዬ ገፋችው። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ ለቅሜ እንደ ጠላት እያየኋት ሰጠኋት። እጄን ያዝ አድርጋ ወደ በሩ ሳበችኝና እናቴን ያማት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልታመመችም፣ ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። ዘመድ ይኖረን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌላ ከተማ ያለች፣ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሆነች አክስት እንዳለችኝ፣ የፋብሪካውን ስም ሳይቀር፣ እየተኩራራሁ ነገርኳት።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች።

የእማዬ ታናሽ ናት፤ ግን ታላቅ ትመስል ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ቃል የምትቆጥብ ሴት። ስማኝ ከጨረሰች በኋላ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ዕቃው የት እንደሄደ ጠየቀች። እማዬ ተሸጠ አለቻት። ገንዘቡስ? እማዬ መሳቢያውን በኩራት ስባ አሳየቻት። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችና ሕፃን እንደተኛበት ክፍል በር ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ከእማዬ ጎን ቆማ ለረጅም ጊዜ ጀርባዋን ስታሽላት ብቻ ትዝ ይለኛል።

በነጋታው ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ገዛች። እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣች እማዬን "ይሄ ስንት ነው?" ትላታለች። እማዬ ትመልሳለች። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ዕቃ አንሥታ ስትጠይቃት ሌላ ዋጋ ትጠራለች። አክስቴ ጥያቄዋን ተወች። ካፖርቷ ቤት ሄዳ እሷን ጠይቃ መጣች፤ ከዚያ በየብርጭቆው፣ በየጥቅሉ፣ በየካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር ዋጋ ለጠፈች። ማታ ሱቁ ውስጥ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የሌላ ሰው ሱቅ ሆኖብኝ ነበር።

ባለ ሜትሩ ገባ፣ ወረቀቶቹን አየ፣ አክስቴን አየ። ተወደደ እኮ አላት። የተጻፈው ነው አለችው። ሳይገዛ ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ። መንገዱ መሃል ቆሞ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ፣ "ይቺ ሴትዮ ሱቃችሁን ልትዘጋባችሁ ነው የመጣችው" አለኝና ከረሜላዬን ሰጠኝ። አመንኩት። እንዳለውም በዚያው ሳምንት ባለ ዘንቢሎቹ ቀሩ፤ ሱቁ ጭር አለ፤ እኔም በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አክስቴን መጥላት ጀመርኩ።

እማዬ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ወረቀቶቹን በጥፍሯ ትልጣለች። "እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ወረቀት ያወራል?" ትላለች። የላጠችውን እያንከባለለች ትንንሽ ኳስ ትሠራለች። አክስቴ አትቆጣትም፤ እማዬ ስትተኛ ጠብቃ ሌላ ትለጥፋለች። በማግስቱ እማዬ ደግማ ትልጣለች። ጦርነት ነው ብዬ ከእማዬ ጎን ተሰለፍኩ። አክስቴ ያቀረበችልኝን ምግብ ሳላመሰግን በላሁ፤ ስትጠራኝ ሁለተኛ እስክትጠራኝ እየጠበቅኩ አቤት አልኩ።

ሱቁ ጠዋት ጠዋት ይዘጋ ጀመር። አክስቴ እማዬን ደህና ልብሷን አልብሳ፣ ክንዷን ይዛ ትወጣለች፤ ከሰዓት ላይ ሁለቱም ደክመው ይመለሳሉ። አንድ ቀን መጋረጃው ጀርባ ሆኜ አክስቴ ለካፖርቷ ስትነግራት ሰማሁ።

"ከባለፈው አድጓል አሉኝ።"

"ብዙ?"

"ብዙ። ቢነካም አደጋ አለው፣ ባይነካም አደጋ አለው ነው የሚሉት።"

እኔ ደግሞ በቤታችን ውስጥ ከኔና ከሱቁ ሌላ የሚያድግ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ሮጬ እማዬ አልጋ ላይ ወጣሁና ጆሮዋ ሥር፣ "ሱቃችን አድጓል ሲሉ ሰማሁ" አልኳት።

እማዬ ፈገግ አለች። እጇን አንገቴ ሥር አስገብታ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝ። "ማደጉማ መች ይቀር ነበር" አለችኝ። የምን እንደማወራ ገብቷት ይሁን፣ እሷም እንደኔ ሱቁን አስባ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን በራሴ ስም ጠርታኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሆስፒታል አልተመለሰችም፤ ተኝታለች ተባለ። ልጅ አይገባም ብለው አልወሰዱኝም። እኔን ካፖርቷ ዘንድ አሳደሩኝ። ካፖርቷ እንደ ትልቅ ሰው አቁማ ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ የክንዴን ርዝመት ለካችኝ። አዲስ ካፖርት ሊሰፋልኝ ነው ብዬ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ጨርቁ ለምን ጥቁር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በቀብሩ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያለቀሰው ባለ ሜትሩ ነበር። ሁለት ሰው ደግፎ ነው የመለሰው። አክስቴ እንባ አልወጣትም፤ እጇን አጣምራ ቆማ አፈር የሚመልሱትን ሰዎች ስታይ ነበር። እኔ የቆምኩት ከባለ ሜትሩ ጎን ነው።

አክስቴ የፋብሪካ ሥራዋን ትታ እዚያው ቀረች። የቀረውን ዕቃ ሸጠች፣ ሱቁን አከራየች፣ ራሷ አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ክፍል ተቀጠረች፤ እዚያችው የኋላ ክፍል ውስጥ አሳደገችኝ። አልመታችኝም፣ አልራበኝም፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬ አንድ ቀን አልዘገየም። ማዕድ ቤት ውስጥ ጨው ያለበት ላይ "ጨው"፣ ስኳር ያለበት ላይ "ስኳር" ብላ ትለጥፋለች፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ይነደኛል። እኔና እሷ ለዓመታት ስለ በር ቁልፍ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ብቻ ነው የተነጋገርነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝኩ ዓመት፣ ካፖርት ላሰፋ ገበር ፍለጋ ወጣሁ። ባለ ሜትሩ በዚያን ጊዜ በዋናው መንገድ ላይ ባለ መስታወት በር ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ሁለት ሻጭ ልጆችም ቀጥሯል። እዚያም ዋጋ የተጻፈበት ነገር የለም። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፤ አገላብጦ ሳመኝ። ለቆሙት ደንበኞች የባለ ቁልፏ ልጅ መሆኔን፣ እናቴ እንዴት ያለች ሴት እንደነበረች ነገራቸው። ራሱ ጥቅሉን አውርዶ፣ ራሱ ለክቶ፣ ቡናማ የሐር ገበር ቆረጠልኝ። ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ለአንቺማ ዋጋ የለውም፣ ልጄ" አለኝ።

ልወጣ ስል አክስቴ ዛሬም ወረቀት ትለጥፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ቤት ስገባ አክስቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ገበሩን ፊቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለም ሰው አለ አልኳት። ሳንቲም አልቀበልም ማለቱን፣ እናቴን እንዴት እንዳነሣት፣ ሁሉንም ስድብ እንዲሆንባት እየቆጠርኩ ነገርኳት። ምስሯን መልቀሙን አላቆመችም።

"ምንም አላስከፈለሽም?"

"ምንም።"

ያኔ ትሪውን አስቀመጠችና ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የግምጃ ቤት ዕቃ እንደምታስረክብ ሰው ነበር። እማዬ ጭንቅላት ውስጥ የበቀለው ነገር መጀመሪያ የነጠቃት ቁጥሩን እንደነበር። ባለ ሜትሩ ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳያውቅ በፊት ማወቁን፤ ለጊዜው ለብቻው መያዙን፤ በኋላ ወሬው ሲወጣ ሌሎቹ ዘንቢል ይዘው መምጣታቸውን። የማዶዋን ክፍል የተወውና ትልቁን ሱቅ የከፈተው በየትኛው ዕቃ እንደነበር። እሷ ስትደርስ መሳቢያው ውስጥ የነበረው ለመጀመሪያው ምርመራ እንኳ እንዳልበቃ፤ ቀሪውን የራሷን ቤት ዕቃ ሸጣ እንደከፈለች። የካፖርቷ መልእክት ባይሆን ኖሮ ጨርሶ እንደማትደርስ።

ቆሜ ነው የሰማኋት። ስትጨርስ ያ ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

"ምን ብዬ? ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ እናትሽን አራገፋት ልበልሽ? ልጅ ነበርሽ፤ በዚያ መንገድ ነው በየቀኑ ትምህርት ቤት የምትሄጂው። ስንቱን ጠልተሽ ልታልፊ ነው?" ምስሩን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። "የምትጠዪው አንድ ሰው ይበቃሻል ብዬ ነው። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበርኩ።"

በነጋታው ገበሩን ይዤ ሄድኩ። ባለ ሜትሩ ቀለሙ ሳይስማማኝ ቀርቶ የተመለስኩ መሰለው። ስንት ነው አልኩት። ነግሬሽ የለም እንዴ አለኝ፣ እየሳቀ። ስንት ነው አልኩት ደግሜ። ሳቁ ቀረ። ደንበኞቹ ወደኛ ዞሩ። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከሻጮቹ አንዷ፣ ምንም የማታውቅ ልጅ፣ ልትረዳው ፈልጋ ይመስለኛል፣ ዋጋውን ጠራችልኝ። ከፈልኳት። መልሴን እስክትቆጥር ስጠብቅ ባለ ሜትሩ ጠጋ ብሎ፣ ከኔ ሌላ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

"እናትሽ ራሷ ናት እኮ የጠራችልን" አለኝ።

መልሴን ተቀብዬ ወጣሁ።

አክስቴ ከሥራ እንደገባች ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ስንት እንዳስከፈሉኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የገበሩን ጫፍ አንሥታ በሁለት ጣቷ መሃል አሸት አሸት አደረገችው።

"አስወድደውብሻል" አለች። "ለምን አልተከራከርሽም?"

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።